ዘፈን በሰላም የማያስደምጡት ጋሽ ወልደአማኑኤል

በየከተማው ዘፈን በሰላም እንዳይደመጥ ተብሎ የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ደብረ ዘይት አንድ አለ ይባላል። ሻሸመኔ ሁለት ናቸው፤ አይነጋገሩም። የናዝሬቱ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ናዝሬትም በዚህ በኩል ከማንም አታንስም። ቢራችሁን ይዛችሁ፣ ዓይናችሁን ከደን አድርጋችሁ፣ ዘፋኙ የልባችሁን እያወራላችሁ ሳለ ከጀርባችሁ አንድ ጉሮሮ ይጠረጋል። ከዚያ ሌባ ጣት ትነሣለች፤ ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ጣት የለም።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ ክቡር የዜማ ዳኛ። «ባለቤቱ ማነው?»

የዘፋኙን ስም ከጠራችሁ አለቀላችሁ። «እሱማ አፉ ነው። እኔ የጠየቅሁት ባለቤቱን ነው።» ከዚያ ዜማው ከማን እንደተወሰደ፣ ያኛው ከየትኛው አዝማሪ እንደሰማው፣ አዝማሪው ከየትኛው የገበሬ መንደር እንደለቀመው ወደ ኋላ ሲተረተር ዘፈኑ ያልቃል፤ ቢራውም ይሞቃል።

በሸዋወርቅ ሠርግ ዕለት ሙሽራዋ አንድ እግሯን ደፍ አሻግራ ሌላውን ሳታስከትል የሙዚቃ ባንዱን አስቁመው «ይህን ዜማ ከሐረር ማን አመጣው?» ብለዋል። ሸዋወርቅ በአንድ እግሯ ቆማ መልሱን ጠበቀች። በለቅሶ ቤት አስለቃሿን ወደ ጓሮ ጠርተው የሙሾዋን ምንጭ መርምረዋል። የሚያስፈራው ግን ሬዲዮ የሰልፍ ዜማ ሲያሰማ ነበር። «ይኼም እኮ የእኛ አይደለም…» ብለው ሲጀምሩ በዙሪያቸው ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለ ሽንኩርት ያወራል። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። በአንዲት ቃል የተነሣ ተጠርቶ የቀረ ሰው ሁሉም ያውቃል።

አመሉን ያመጡት ከአስመራ ነው። በጎረምሳነታቸው እዚያ በነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሠርተዋል። ሌሮይ የሚባል ጥቁር ሳጅን ወዳጃቸው ነበር። ዛሬ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብላ ባለችው ሱቃቸው ሬዲዮ ይጠግናሉ፤ ሬዲዮ ሊያሠራ የሚሄድ ሰውም ምሳውን በልቶ ነው የሚገባው፤ የሳጅን ሌሮይን አክስት ታሪክ ሳይሰማ አይወጣማ።

«አክስቱ ዘፋኝ ነበረች» ይላሉ የሰውን ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። «የራሷን ዘፈን በሸክላ አስቀረጸች። ሬዲዮው የጥቁር ነው ብሎ አላጫውትም አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ ነጭ ጎረምሳ ፀጉሩን ቅባት ለቅልቆ ያንኑ ዘፈን፣ ትንፋሿን ሳይቀር፣ ዘፈነው። አገር ቀውጢ ሆነ! ኮረዶች ራሳቸውን ሳቱ። እሷስ?» እዚህ ላይ መበየጃቸውን ያስቀምጣሉ። «እሷማ በሆቴል ወጥ ቤት ሰሃን እያጠበች የገዛ ዘፈኗን በግድግዳ በኩል ትሰማ ነበር። እሷ ስትዘፍነው ጩኸት፣ እሱ ሲዘፍነው ጥበብ! ሳጅን ሌሮይ ይህን ሲነግረኝ ወጡ አረረብኝ።»

ከጋሽ ወልደአማኑኤል የሚሸሽ ሰው በናዝሬት ብዙ ነው። እንደ ሐዲስ ገብረወልድ መንደር ዞሮ የሚሸሽ ግን አልነበረም። ሐዲስ የአውራጃው ኪነት ቡድን መሪና አኮርዲዮን ተጫዋች ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ፂሙ ሁልጊዜ የተላጨ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። የሚሸሽበትም ምክንያት ነበረው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቡድኑ ለመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አሰጣጥ ቡልቡላ ወርዶ ነበር። ሐዲስ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ሲሄድ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። አንዷ እንስራዋን እየሞላች ታዜማለች፤ ሌሎቹ «ጆቴ ኮ» እያሉ ይቀበሏታል። ሐዲስ ቤተሰቡ ከመንዝ ቢመጣም ናዝሬት ተወልዶ ከኦሮሞ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ ነው። «ጆቴ» የሰው ስም መሆኑን ያውቃል። «ኮ» ማለት «የኔ» መሆኑን ያውቃል። ዜማው የደስታ አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም። ሄዶ «ጆቴ ማነው?» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ግራር ሥር ቆሞ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ዜማውን ጻፈው።

ናዝሬት ሲመለስ አፈጠነው፤ ከበሮ ጨመረበት፤ ግጥምም አበጀለት፦

እርሻው ተንጣለለ፣ ጥቁሩ አፈር ለማ፣
ትራክተር ሲያጓራ ከቆቃ ተሰማ።

«ጆቴ ኮ» የሚለውን ተቀባይ ግን ለአፍ ስለሚጥም እንዳለ ተወው። ሕዝቡ ወደደው። በከተማው ያሉ ልጆች ትራክተር ባዩ ቁጥር «ጆቴኮ! ጆቴኮ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። በክፍለ ሀገሩ ውድድር አንደኛ ሲወጣ ድምፅ ማጉያው «ግጥምና ዜማ፦ ጓድ ሐዲስ ገብረወልድ» አለ። ለሐዲስ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ላርመው ብሎ ከንፈሩን አላቀቀ፤ ጭብጨባው ቀደመው።

በማግስቱ በሱቃቸው በር ሲያልፍ ጋሽ ወልደአማኑኤል መበየጃቸውን እንደያዙ ወጡ።

«አንተ ልጅ! የዚያ ዘፈን ባለቤት ማነው?»

«የሕዝብ ነው፣ ጋሼ!» አለ ሐዲስ እርምጃውን ሳያቋርጥ።

«ሕዝብ ስም የለውም?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐዲስ ያንን መንገድ ተወ።

በዓመቱ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር አንድ የሙዚቃ ሊቅ መጣ። ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሲበዛ ትሑት የሆነ ነጭ ዶክተር ነበር። ሻንጣ በሚያህል ቴፕ የሐዲስን ዘፈን አራት ጊዜ አስደግሞ ቀዳ። «ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!» እያለ እጁን ጨብጦት ሄደ። ሐዲስ ለስምንት ወር ያንን እጁን እያየ ኖረ።

በስምንተኛው ወር የአውራጃው የባህል ኃላፊ ወደ ቢሮው ጠራው። ኃላፊው ጓድ ኃይለየሱስ ይባላል፤ ስሙ ለካድሬነት ስለማይመች «የሱስ»ን ቤቱ ትቶ «ጓድ ኃይሌ» እያለ የሚፈርም፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን የበላዩ ባስነጠሰ ቁጥር የሚታመም ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሸክላ ተቀምጧል። በሽፋኑ ላይ አሥራ ሁለት ነጫጭ ልጃገረዶች የአበባ ጉንጉን ደፍተው ይስቃሉ።

«ዘፈናችን ባሕር ተሻገረ!» አለ ኃይለየሱስ። «የስምጥ ሸለቆ ጭፈራ ብለውታል። የፊታችን አርብ በአዳራሹ እናስመርቀዋለን። ከኤምባሲያቸው ሰው ይመጣል። አንተ የምስጋና ንግግር ታደርጋለህ፤ ዘፈኑንም ትጫወታለህ።»

ሐዲስ ሽፋኑን ገለበጠ። ከኋላው የተለጠፈው ትርጉም «ዜማ፦ ዶክተር እንዲህ እንዲህ» ይላል። ከሥሩ ጉንዳን በሚያህሉ ፊደላት «ከአፍሪካ ሕዝብ ከተሰበሰበ» የሚል አለ። ሌላ ስም የለም።

«የኔስ ስም?»

«ከሕዝብ የተሰበሰበ ይላል እኮ፣ ጓድ ሐዲስ።» ኃይለየሱስ ግራ ገባው። «አንተ ሕዝብ አይደለህም?»

ሐዲስ ለመለማመጃ ብሎ ሸክላውን ተበድሮ ወጣ። ጆሮው ይግላል። ሁለት ዓመት ግድም ያልረገጠውን መንገድ እግሩ ራሱ ይዞት ሄደ። ይህን በደል በናዝሬት ከተማ የሚረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በነጮች ላይ የሚፈርድበት አጋጣሚ ሃያ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ነጩ ዘረፈኝ» አለ ገና በሩ ላይ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ሸክላውን እንደ ሕፃን ተቀብለው ማጫወቻው ላይ አኖሩት። ልጃገረዶቹ ዘፈኑ። ቃሉ በማይገባ ቋንቋ ነው፤ ተቀባዩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ባንድ አፍ «ዮ-ቴ-ኮ! ዮ-ቴ-ኮ!» አሉ፤ እንደ መዝሙር ቤት ልጆች ጥርት አድርገው።

ሸክላው አለቀ። ሐዲስ የሳጅን ሌሮይን አክስት ጠበቀ። አልመጣችም።

«ሰረቀህ?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቀስ ብለው።

«አዎ!»

«ያንተን?»

«የኔን…» አለ ሐዲስ። «ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ግጥሙ የኔ ነው።»

«ልጃገረዶቹ ግጥምህን አልዘፈኑም። የዘፈኑት ዜማውንና ያቺን ስም ነው። ባለቤቱ ማነው?»

እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አላነሡም። ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበር፤ ለሐዲስ የከበደውም ይኸው ነው። ስለ ወንዙ፣ ስለ እንስራዋ፣ ስለ ሲጋራ ፓኮው ነገራቸው። እሳቸው ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሱና በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ትንሽ ማጫወቻ ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው» አሉ።

«የት?»

«ቡልቡላ ነዋ። እኔ ኦሮምኛ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ሳወራ እዚህ ያለውን ሰው ቋንቋ አልተማርኩም። አንተ ትናገራለህ።»

ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፈው ቡልቡላ ሲደርሱ ገበያው ደርቷል። ሐዲስ የሴትየዋን ስም አያውቅም። የፍየል ቆዳ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ቀርቦ በአፍረት ዜማውን አንጎራጎረላት። ሴትየዋ ቆዳዋን አስቀመጠች። ጎኗ ያሉትም ዝም አሉ። ዝምታው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ጨው ሻጮቹ ድረስ ሄደ።

«ይኼ የቡዜ ነው» አለች ሴትየዋ። «አንተ ከየት ታውቀዋለህ?»

ሐዲስ ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቃት። ሴትየዋ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል በእጇ መንገዱን አመለከተችው።

ቡዜ ሰንበታ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ነበረች። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም ተጠያየቁ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በማይገባቸው ቋንቋ መካከል ማጫወቻዋን ጉልበታቸው ላይ ይዘው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ሐዲስ እናት በሚከበርበት በኦሮምኛው አጠራር «አዴ ቡዜ፣ አንድ ነገር እንድትሰሚልኝ ነው» አለና ሸክላው ዞረ።

ልጃገረዶቹ «ዮ-ቴ-ኮ» ሲሉ ቡዜ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች። እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሽፋኑን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ስሙን ማን ነገራቸው?» አለች።

«ማነው ጆቴ፣ አዴ?» ሁለት ዓመት የዘገየች ጥያቄ ከሐዲስ አፍ ወጣች።

«ልጄ ነው። የመጀመሪያዬ። ሶማሌ የመጣ ጊዜ ሚሊሺያ ብለው ወሰዱት። አብረውት የሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ የሞቱትም ወሬያቸው መጣ። የሱ ወሬ አልመጣም። ሞተ ብለው አልነገሩኝም፣ ስለዚህ አላለቀስኩም፤ አለ ብለውም አልነገሩኝም። ውሃ ስቀዳ ነው የምጠራው። እነዚያ ሴቶች ያግዙኛል።» ጣቷን ከልጃገረዶቹ በአንዷ ጥርስ ላይ አሳረፈች። «እነዚህም መጥራታቸው ደግ። ብቻ ለምን ይስቃሉ?»

ሐዲስ ለጋሽ ወልደአማኑኤል ተረጎመላቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ንገራት» አሉት። «ያንተንም።»

ሐዲስ ነገራት። የገዛ ድምፁ ለጆሮው የሌላ ሰው ሆነበት። ስለ ውድድሩ ተናገረ፤ ስለ ጭብጨባው ተናገረ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ተከለ።

«ምን አልካት?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል በሹክሹክታ።

«ትራክተር እንዳደረግኩት።»

ውጭ ዶሮ ትጭራለች። ቡዜ ተነሥታ ወተት በቅል አመጣች፤ ለሁለቱም ሰጠች። በቤቷ የተቀመጠ እንግዳ ምንም ቢያደርግ እንግዳ ነው። ሐዲስ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ትራክተር አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «በመንግሥት እርሻው አለ። ጠዋት ይሄዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል አይደል?»

«አዎ፣ አዴ።»

«እንግዲያው ጆቴ አይደለም።»

ሲወጡ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። «ከዘፈናችሁት ማን እንደሆነ ተናገሩ። የሰው ልጅ ነበረ በሉ።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ ወልደአማኑኤል ዝም አሉ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ አራት ዘፈን አለፈ፣ ስለ አንዱም አልጠየቁም። ይህ ሐዲስን ከሁሉ ይበልጥ አስፈራው። አርብ ዕለት በኤምባሲው ሰው ፊት፣ በካድሬዎቹ ፊት፣ ሰውዬው ሊነሡ ነው። ወዳጅ አገርን ሌባ ማለት ነው። የተረሳ ሚሊሺያን ስም በአደባባይ መጥራት ነው። እሳቸውን ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ «ማን ነገረህ?» ይሏቸዋል።

«ጋሼ» አለ መቂ ላይ። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። አርብ አይናገሩ። ያስሩዎታል።»

እሳቸው መስኮቱን እንደተመለከቱ ቀሩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ጓድ ኃይለየሱስ ጋሽ ወልደአማኑኤል ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቀመጣቸውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሁለት ጠና ያሉ ሰዎች ልኮ ግራና ቀኝ አስቀመጠላቸው። የኤምባሲው ሰው በፈገግታ ተናገረ፤ ተተረጎመ፤ ተጨበጨበ። ሸክላው ተሰማ። «ዮ-ቴ-ኮ» ሲሉ ሕዝቡ እየሳቀ ተቀበለ። የሐዲስ ዓይን ግን ከሦስተኛው ረድፍ አልተነቀለም። አሁን ይነሣሉ። አሁን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

የሐዲስ ስም ተጠራ። አኮርዲዮኑን አንግቶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። በእጁ ኃይለየሱስ የጻፈለት የምስጋና ወረቀት አለ። አዳራሹም እሱ የሚያየውን ያውቅ ኖሮ ግማሹ አንገቱን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዞረ። ናዝሬት ሁሉ ያንን ጥያቄ ጠበቀ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል አልተነሡም። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሐዲስን ያዩታል። ዓይናቸው አይቆጣም፤ አይለምንምም። ያያል ብቻ።

ሐዲስ ያን ጊዜ አንድ የሚያሳፍር ነገር ገባው፦ አምስት ቀን ሙሉ እንዳይናገሩ እየጸለየ የጠበቀው እንዲናገሩለት ነበር። እሳቸው ቢናገሩ እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ተገድዶ መስሎ፣ «እውነታቸውን ነው» ይል ነበር። አሁን ግን ማንም አያስገድደውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህ ዜማ የዶክተሩ አይደለም» አለ። «የኔም አይደለም። እኔ ከወንዝ ዳር ሳልጠይቅ ወሰድኩት፤ ዶክተሩ ከኔ ሳይጠይቅ ወሰደ። የቡልቡላዋ የአዴ ቡዜ ሰንበታ ነው። ጆቴ ትራክተር አይደለም። ልጇ ነው። ለአገሩ ዘምቶ ወሬው የጠፋ የሰው ልጅ ነው።»

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቀረ። የኤምባሲው ሰው ምስጋና መስሎት አጨበጨበ፤ ብቻውን። ኃይለየሱስ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ማይክሮፎኑ ጠፋ። አኮርዲዮን ግን መብራት አይፈልግም። ሐዲስ ዜማውን እንደ ሰማው፣ ቀስ አድርጎ፣ ያለ ከበሮ ተጫወተው። መጀመሪያ ማንም አልተቀበለም። ከዚያ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት የገበያ ሴት «ጆቴ ኮ» አለች። ሌላዋ ተከተለች። ሲያልቅ የሳቀ አልነበረም።

በኮሪደሩ ላይ ኃይለየሱስ ክንዱን ያዘው። «ምን አደረግህብኝ? ልጆች አሉኝ እኮ!» ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእናቴም ወንድም ወሬው አልመጣም» አለና ዞሮ ሄደ። ለበላዮቹ የጻፈው ሪፖርት «ጓዱ በዕለቱ ትኩሳት ነበረበት» የሚል ቃል እንደነበረበት ኋላ ተሰማ፤ ምናልባት ሐዲስን ያተረፈችው እሷ ናት።

ቢሆንም ሐዲስ በቀበሌው እስር ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። «በወዳጅ አገር እንግዳ ፊት ሥርዓት ማጣት» አሉት፤ «የጠባብነት ዝንባሌ» ጨመሩበት። ከኪነት ቡድኑ ተሰረዘ። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ቀትር በደረሰ ቁጥር ጋሽ ወልደአማኑኤል ራሳቸው የሠሩትን ወጥ በምሳ ዕቃ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። የአሜሪካን ጦር እንዴት እንዳበሉት እግዜር ይወቅ፤ ዘበኛው ለደኅንነት ቀምሶ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሳይቀምስ ማስገባት ጀመረ። ሐዲስ ሁሉንም በላ።

«ጋሼ» አለ አንድ ቀን በቆርቆሮው ክፍተት በኩል። «ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ የወሰድከውን እኔ ልመልስ?» አሉ። ምሳ ዕቃውን ገጠሙ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙ። «ደግሞም ፈርቼ ነበር። ሃያ ዓመት ስጮህ ማንም አስሮኝ አያውቅም፤ የማወራው ስለ ሩቅ ሰው ነዋ።»

ሐዲስ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለቱ እንደገና ቡልቡላ ወረዱ። ቡዜ የአዳራሹን ነገር ከገበያ ሰምታ ነበር። በእስር ቤት በተላጨው የሐዲስ ራስ ላይ እጇን አሳረፈች። እሱ ከፈቀደችለት ዜማውን በደንብ መማር እንደሚፈልግ፣ ከእንግዲህ የትም ቢጫወተው ስሟንና የልጇን ስም አስቀድሞ እንደሚናገር ነገራት። አሰበችበት።

«ብቻውን አይዜምም» አለች። «ተቀባይ ይፈልጋል። ሴቶቹ ዛሬ ማሳ ናቸው። እናንተ ተቀበሉ።»

ሐዲስ ሲተረጉምላቸው ጋሽ ወልደአማኑኤል ደነገጡ። «እኔ? እኔማ አድማጭ ነኝ።» ቡዜ ግን ጀምራለች። ተራው ሲደርስ ዓይኗን በሁለቱም ላይ አኖረች። ማምለጫ አልነበረም። ጋሽ ወልደአማኑኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፈቱ።

በናዝሬት የዜማን ነገር ሃያ ዓመት የዳኙት ሰው ድምፅ የተሰበረ ጋሪ ዳገት ሲወጣ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። «ጆቴ» ላይ ወጣ፣ «ኮ» ላይ ወደቀ፤ የወደቀበትም ቦታ በየትኛውም ቅኝት ውስጥ የሌለ ነው። ዶሮዋ ጭራ የነበረውን ትታ ሸሸች። ቡዜ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቋ ከዕንባዋ ጋር አብሮ መጣ። ግን አላቆመችም። እሳቸውም አላቆሙም። ዕንባቸው በተጨፈነው ዓይናቸው ሥር እየወረደ ያልወለዱትን ልጅ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ይጠሩታል።

ሐዲስ እኒህን ሰውዬ ለመሸሽ በከተማው ውስጥ ስንት መንደር እንደዞረ አሰበ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ከጎናቸው ቆመና የሳቸውን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ አደረገ። አልተሸፈነም።